የበረሃ ጉዞ ከቤት ይጀምራል

በአውስትራሊያ መካከል በሚገኘው በሲምፕሰን በረሃ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ቀያይ የአሸዋ ተረተሮች ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰልፈው ይታያሉ። ይህን ምድር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም.፥ ሬግ ስፕሪግ የተባለው የሥነ ምድር ሊቅ ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በመኪና ለመጀመሪያ ጊዜ ተሻገረው።

ቤተ ሰብ ይዞ መሻገር የሚቻለው ግን አስቀድሞ ለተሰናዳ ብቻ ነው። በአራቱም እግሩ የሚጎትት መኪና ያስፈልጋል። የተረተሮቹ ምሥራቃዊ ገጽ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ከምዕራብ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ መጓዝ ይቀላል። ጎማው በአሸዋ እንዳይሰጥም ነፋሱን መቀነስ፥ ከተረተሩ ማዶ የሚመጣው እንዲያይም በረዥም ዘንግ ላይ ባንዲራ መስቀል ይገባል። ከማውንት ዴር እስከ በርድስቪል ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነዳጅ አይገኝምና፥ ነዳጁም ውኃውም ለክፉ ቀን ተርፎ መጫን አለበት። ሙቀቱ በሚበረታበት ወራት፥ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት አጋማሽ በአውሮፓ አቆጣጠር፥ ፓርኩ ይዘጋል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1963 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር፥ በዚያው በረሃ ጠርዝ በሚያልፈው መንገድ፥ አምስት ነፍስ ያለው አንድ ቤተ ሰብ መንገድ ስቶ ነዳጅ አለቀበት፤ መኪናውንም ትተው ውኃ ፍለጋ ሲሄዱ ሁሉም በጥም አለቁ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ የመመለሻህን ቀን ለዘመድ ነግረህ፥ የሳተላይት ስልክ ይዘህ ውጣ፤ ከተቸገርህም ከመኪናህ አትራቅ። መኪና ከሩቅ ይታያል፤ ብቻውን የሚሄደውን ሰው ግን አሸዋ ይሰውረዋል።