መርዶ ያልደረሰው ሐዘን

ሐዘናችን የራሱ ቀን መቁጠሪያ አለው። ሠልስት፣ አርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅ፣ ሙት ዓመት እያልን ሟችን እናስባለን፤ ሐዘንተኛውንም ደረጃ በደረጃ ወደ ኑሮው እንመልሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ምደባ «የተራዘመ ሐዘን»ን ራሱን የቻለ ሕመም አድርጎ ሲመዘግብ የወሰደው መለኪያ ቢያንስ 6 ወር ነው፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በዚያው ዓመት ለአዋቂ ሰው 12 ወር አለ። በእኛ አቆጣጠር መንፈቅና ሙት ዓመት መሆናቸው ነው።

ጊዜ ብቻውን ግን ሕመምን አያመለክትም። ምልክቱ ፋታ የማይሰጥ ናፍቆት፣ ሞቱን አምኖ ለመቀበል አለመቻል፣ ሥራንና ማኅበራዊ ኑሮን እስከ ማሰናከል የሚደርስ ሥቃይ ነው። ሕክምናም አለው። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ካትሪን ሺር ያዳበሩት የንግግር ሕክምና በ16 ክፍለ ጊዜያት ሐዘንተኛው የሞቱን ታሪክ ደጋግሞ እንዲተርክ፣ የሸሸውን ቦታና ዕቃ ቀስ በቀስ እንዲጋፈጥ፣ ለቀሪ ዘመኑ ዓላማ እንዲተልም ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተሙት ጥናት እንዳሳየውም የድብርት መድኃኒት ሐዘኑን ራሱን እምብዛም አያቃልለውም።

እንግዲህ ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው፦ የሚተረክ ሞት ከሌለስ? ስሙን ከሠራዊቱ በወሰደው ሰፈራችን፣ በጦር ኃይሎች፣ የአንዲት ጎረቤቴ ልጅ በ2013 ዓ.ም. ዘምቶ አልተመለሰም። «ሞተ» ያላቸው የለም፤ «አለ» ያላቸውም የለም። የዕድር ጥሩንባ አልተነፋም፤ ድንኳን አልተተከለም። ማልቀስ እንኳ ማሟረት ይመስላቸዋል። ለእኚህ እናት መንፈቁ ከየትኛው ቀን ይቆጠር? አሜሪካዊቷ ምሁር ፖሊን ቦስ በቬትናም የጠፉ ወታደሮችን ቤተሰቦች አጥንተው ይህን «ያልለየለት እጦት» ብለውታል። ሐዘኑ የሚቆመው በሐዘንተኛው ድክመት ሳይሆን እውነቱ በመታጣቱ ነው።

የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በጥቅምት 2016 ዓ.ም.፣ የወደቁ ተዋጊዎችን መርዶ ለቤተሰቦቻቸው አሰምቶ የ3 ቀን ሐዘን አወጀ። ቢዘገይም ተነገረ። በየትኛውም ወገን ተሰልፎ ለወደቀ ልጅ ወላጅ ከዚህ ያነሰ አይገባውም።

ጉዳዩን የፖለቲካ ጥያቄ የሚያደርገውም ይኸው ነው። ሐኪም የተራዘመ ሐዘንን ሊያክም ይችላል፤ መርዶ ግን ሊያረዳ አይችልም። ያ ያዘመተው ወገን ዕዳ ነው።