የጀሞው ኮሪደር ቆስጣ

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ በኋላ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎች ደጃችንን መርገጥ ፈራን። የፒያሳው አትክልት ተራ ግፊያውን ለመቀነስ ወደ ጃን ሜዳ ሲዛወር ደግሞ ጎመን መግዛትም ራሱን የቻለ ጉዞ ሆነ። ያን ሰሞን ነው የብሎካችን ነዋሪዎች ኮሪደሩን በአፈር የሞሉት። የቀለም ባልዲው፣ አናቱ የተቆረጠው ጀሪካን፣ የማዳበሪያው ከረጢት፣ ታቹ ተበስቶ አፈር የሚይዝ ዕቃ ሁሉ ተደረደረ።

ቆስጣ፣ ካሮትና ሰላጣ ተዘራ። አብዛኛው ሰው ዘሩን እንደ ጤፍ በተነው፤ ባዶ ባልዲ ሲያዩት እጅ ይለግሳል። ቡቃያው ወጣና አፈሩን ሸፈነው፤ ልጆች እየተሯሯጡ ያዩት ነበር። ከዚያ ግን ዕድገቱ ተበላሸ። እየረዘመ ቀጠነ፣ ተጋደመ፣ የታች ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። የጠማው የመሰላቸው ውኃ ጨመሩለት፤ ባሰበት። ነፋስ በማይገባበት ጥቅጥቅ ቡቃያ ሥር አፈሩ ረጥቦ ስለሚውል፣ ግንዱ ከመሬት በሚገናኝበት በኩል እየበሰበሰ ይወድቃል።

ሁለተኛ ፎቅ፣ ከልጃቸው ጋር ሊኖሩ ከመንዝ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። አንድ ማለዳ በርጩማቸውን ይዘው ከጎረቤታቸው ባልዲዎች ፊት ተቀመጡና መንቀል ጀመሩ። ባለቤቲቱ ደንግጣ ወጣች።

«እማማ፣ እባክዎ! ስንት ለፍቼበት!»

«አውቃለሁ ልጄ። አሁን ካልነቀልሽለት ግን ሁሉም እንደ ተናነቀ ይቀራል።»

አጠገባቸው ቆሜ ሲሠሩ አየሁ። አስቀድመው አፈሩን አራሱት። ወፍራሙንና ቀጥ ብሎ የቆመውን ይመርጣሉ፤ ሥሩን በሁለት ጣት ጫን አድርገው ይዘው ቀጭኑን ጎረቤቱን ይስቡታል። ሥር ለሥር የተጠላለፉትን አይጎትቱም፤ በጥፍራቸው ከአፈሩ ላይ ይቆርጧቸዋል፣ የሚቀረው እንዳይናጋ። ቆስጣውን በባልዲ ሦስት አራት አስቀሩ። ለካሮቱ የሁለት ጣት ያህል ክፍተት ሰጡት። ከሥሩ የተነቀለውን ሰላጣ ማታ ሌላ ዕቃ ላይ ተከሉት፤ ካሮት ግን ተነቅሎ ሲተከል ሥሩ ይጣመማልና አልደከሙበትም።

ቆስጣ አንድ አንድ እየተደረገ ቢዘራም ይጨናነቃል፤ አንድ ፍሬ የሚመስለን ዘር ብዙውን ጊዜ በውስጡ ሁለትና ከዚያ በላይ ዘር ይይዛል። ማሳሳት የማይቀርለት ተክል ነው። በባልዲ ደግሞ ችግሩ ይከፋል። ማሳ ላይ ያለ ሥር ወደ ጎንም ወደ ታችም ይሄዳል፣ የባልዲውን ግን ግድግዳው ነው የሚመልሰው፤ ያለው አፈር ያችው ናት።

የተነቀለው ለጋ ቆስጣ ታጥቦ በሽንኩርት ተቁላልቶ ምሳ ሆነ። እማማ እንደ ነገሩን፣ በአገራቸው ለዘር የተዘራ ጎመን ሲሳሳ የሚነቀለው ለወጥ ይውላል፤ የቀረው አድጎ ያፈራና ፍሬው ለምጣድ ማሰሻ ይሆናል። ይህን እየሠሩ ያደጉ እጆች ከተማ ውስጥ ያለ ሥራ መቀመጣቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ባለቤቲቱ አንዱን ባልዲ «ይህንንስ ይተዉልኝ» ብላ አስቀርታ ነበር። ሰኔ ላይ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው አየናቸው። የሳሳው ቆስጣ ቅጠሉ ከመዳፍ ሰፍቶ በየጊዜው ከዳር ዳር ይቀጠፍ ነበር፤ ያልተነካው ከአውራ ጣት ያለፈ ቅጠል አላወጣም። ቀሪው ብሎክም መቀስ ይዞ ወጣ።

ዛሬ ስለ ከተማ ግብርና ሲወራ ዘርና አፈር እንጂ ማሳሳት ብዙም አይነሣም። በረንዳዎ ላይ የዘሩ እርስዎ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ቅጠሎች ቀጥሎ ሌላ ጥንድ ሲወጣ ሳይዘገዩ ያሳሱት፤ የነቀሉትንም አጥበው ይብሉት።