በጣርማ በር መንገድ፤ ስለሚወዛወዝ የካሚዮን ጎማ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ሸኖንና ጫጫን አልፎ እስከ ደብረ ብርሃን ድረስ መንገደኛውን እምብዛም አያስፈራም። ሜዳው ሰፊ፥ ነፋሱ ብርዳም፥ ገብሱና ባቄላው በግራና በቀኝ የተዘረጋ ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የቆረቆሯት ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከዚያች ከተማ ወዲያ ግን መንገዱ ጠባዩን ይለውጣል። ዳገቱ እየጨመረ፥ ጉሙ እየወፈረ ሄዶ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍ ከሚለው ከጣርማ በር ይደርሳል። በዚያም ጣልያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ወግተው ያወጡት 587 ሜትር የሚሆን ዋሻ አለ። ከዋሻው ሲወጡ ምድር ከእግር በታች የጠፋች ትመስላለች፤ መንገዱም በገደሉ ጥግ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፥ ከዚያም 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ስለዚህ መኪናው ሕመም ያለበት ሰው ሕመሙን ማወቅ የሚገባው በደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ እንጂ ከዋሻው ማዶ አይደለም።

እኛ በዚህ መንገድ ስንጓዝ የተሳፈርንበት ካሚዮን ሕዝቡ «ኦራል» ብሎ የሚጠራው የቀድሞ የጦር ሠራዊት መኪና ነበረ። ይህ ዐይነት መኪና በሩሲያ አገር በኡራል ተራራ አጠገብ ሚያስ በምትባል ከተማ የሚሠራ ሲሆን፥ ስድስቱም ጎማዎቹ በሞተር ኀይል የሚዞሩ፥ ጭቃና አሸዋ የማይበግረው ነው። በደርግ ዘመን ወደ አገራችን ገብቶ፥ ያ መንግሥት በ1983 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ አንዳንዱ በግል ሰዎች እጅ ሆኖ እህልና ሲሚንቶ ተሸካሚ ሆነ። የዚህኛው ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው ወይዘሮ ናቸው። ሦስት ልጆች የሚያሳድጉት በዚሁ መኪና ኪራይ ስለ ሆነ፥ ጭነት ሲኖር ራሳቸው ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው ይሄዳሉ። በዚያን ቀን የተጫነው ለሸዋ ሮቢት ገበሬዎች የሚሆን የማሽላ ዘር ነበረ፤ ዘሩም በተቈረጠው ቀን ካልደረሰ ኪራዩ እንዲቀነስ ውል ተጽፎበታል።

ጫጫን እንዳለፍን የቀኙ የፊት ጎማ ከአንድ ትንሽ ጕድጓድ ገባና ወጣ። ወዲያውም የፊት ጎማዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይርገፈገፉ ጀመር፤ መሪው ከሾፌሩ እጅ ሊያመልጥ ታገለ፥ የተሰቀለው ዘንቢል ወደቀ፥ ወይዘሮዋም በሁለት እጃቸው የበሩን እጀታ ያዙ። አስፋልቱ ለስላሳ ቢሆንም መወዛወዙ አልቆመም። ሾፌሩ ወጣት ቢሆንም ፍሬኑን በድንጋጤ አልረገጠም፤ እግሩን ከነዳጁ አንሥቶ፥ መሪውን አጥብቆ ይዞ፥ መኪናውን በራሱ ጊዜ አዘገየው። ሰው እንደሚሮጥበት ያህል ፍጥነት ሲቀር ጎማው ጸጥ አለ። ሾፌሩ ያደረገው ተገቢ ነበረ፤ ፍሬን በኀይል ሲረገጥ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ይጫንና የላላውን ነገር ይበልጥ ያስጨንቀዋል።

ወይዘሮዋ እንደ ነገሩን፥ ይህ ሕመም ከጀመረ አንድ ወር ሆኖታል። በአዲስ አበባ አንድ ባለ ሱቅ «ጥፋቱ ከጎማው ነው» ብሎ ሁለት አዲስ ጎማዎች ሸጦላቸው ኖሯል። የኦራል ስድስቱም ጎማዎች በመጠን እኩል ስለሆኑ ከፊት ያለውን ወደ ኋላ፥ ከኋላ ያለውን ወደ ፊት ማዛወር ይቻላል። ሾፌሩም ያለ ምንም ወጪ ይህን ቢሞክረው መወዛወዙ እንደ ነበረ ቀረ። ጎማው ቦታ ለውጦ ሕመሙ ቦታውን ካልለቀቀ ጥፋቱ የጎማው እንዳልሆነ ግልጽ ነበረ፤ ነገር ግን ገንዘቡ አስቀድሞ ወጥቷል።

በደብረ ብርሃን ዳርቻ በአንዲት ቆርቆሮ ቤት የሚሠሩ አዛውንት መካኒክ አገኘን። በሠራዊቱ የመኪና ጥገና ክፍል ብዙ ዘመን ያገለገሉ ሰው ናቸው። መፍቻ ከማንሣታቸው በፊት ሾፌሩን ይጠይቁት ጀመር። «ልጄ፥ በስንት ኪሎ ሜትር ፍጥነት ነው የሚጀምርህ? ራሱ ይነሣል ወይስ ጕድጓድ ሲነካ? ፍሬን ስትይዝ ይብሳል?»

ጥያቄው ትርጕም አለው። በተወሰነ ፍጥነት ብቻ ራሱ ተነሥቶ ከዚያ ሲያልፉ የሚተው መወዛወዝ ብዙውን ጊዜ የጎማው ክብደት በዙሪያው እኩል አለመሆኑን ወይም ቸርኬው መጣመሙን ያመለክታል። ፍሬን ሲያዝ ብቻ የሚመጣው ከፍሬኑ ከበሮ ነው። ጕድጓድ ነክቶ የሚጀምርና መኪናው ሊቆም እስኪደርስ የማይለቅ ግን የላላ ማያያዣ ምልክት ነው።

ስለ ምን እንዲህ እንደሚሆን ለባልትና ቤት ሰው ማስረዳት አያስቸግርም። ፈታዪቱ እንዝርቷን አሹራ ስታበቃ ጫፉን በጣት ብትነካው፥ እንዝርቱ ወደ ተገፋበት ሳይሆን ወደ ጎን ያዘነብላል። በፍጥነት የሚዞር ጎማም ይህ ጠባይ አለው። የኦራል ሁለቱ የፊት ጎማዎች በአንድ ወፍራም የብረት ዘንግ የተያያዙ ስለ ሆኑ፥ አንዱ ጕድጓድ ሲነካ ዘንጉ ያጋድላል፤ ጎማዎቹም በማጋደል ፈንታ ወደ ጎን ይዞራሉ፤ መዞራቸው ደግሞ ዘንጉን መልሶ ያጋድለዋል። አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ፥ ኀይሉንም ከመኪናው ሩጫ እየወሰደ ይቀጥላል። ማያያዣው ሁሉ የጠበቀ ከሆነ ነገሩ ሳይወለድ ይሞታል። ማጠፊያው የላላ በር በነፋስ ሲማታ፥ ማጠፊያው የጠበቀው ግን ዝም እንደሚል ማለት ነው።

መካኒኩ ከሁሉ አስቀድሞ የጎማዎቹን ነፋስ ለኩ። ኦራል ሾፌሩ ከመቀመጫው ሳይነሣ ነፋስ የሚጨምርበትና የሚቀንስበት መሣሪያ አለው፤ ይህ በረግረግ ላይ ታላቅ በረከት ቢሆንም፥ ቧንቧው በአንድ ወገን ካፈሰሰ ግራና ቀኙ ሳይታወቅ ይለያያል። እዚህ ግን እኩል ነበረ። ቀጥለው በቸርኬው ውስጥ የደረቀውን የጫጫ ጥቍር ጭቃ በብረት አስፈነቀሉ፤ በአንድ ወገን የተጋገረ ጭቃ ብቻውን ጎማ ሊያወዛውዝ ይችላልና።

ከዚያም የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ አስደግፈው ፊቱን በክሪክ አነሡ። ጎማውን እያሽከረከሩ እንጨት አስጠግተው ቸርኬው አለመጣመሙን አዩ። ቀጥሎ የቀኙን ጎማ ከላይና ከታች ይዘው ገፋ ሳብ ሲያደርጉት ተንቀሳቀሰ። «እስቲ ፍሬን ርገጥ» አሉት ሾፌሩን። ሲረግጥ መንቀሳቀሱ ጠፋ። ከዚህ የሚታወቀው፥ ፍሬኑ ጎማውንና ከበስተ ኋላው ያለውን ብረት አንድ ስላደረጋቸው የጠፋው ልቅነት በመካከላቸው ካለው ከኩሽኔቱ መሆኑ ነው። በግራው ጎማ ግን ፍሬኑ ተረግጦም መንቀሳቀሱ አልጠፋም። እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ ከኩሽኔቱ አልፎ፥ ጎማው ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት ፔርኖ ላይ ነው። ይህ ፈተና ሁለት ሰውና አንድ ክሪክ እንጂ ሌላ ወጪ የለበትም፤ ከዚያ ሁለት ጎማ ሽያጭ በፊት ማንም ሊያደርገው ይችል ነበር።

በመጨረሻ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ጎኑ ይዘው አወዛወዙ፤ ሾፌሩም መሪውን ወዲያና ወዲህ ሲያደርግ እያንዳንዱን የመሪ ዘንግ መጋጠሚያ በመዳፋቸው ዳሰሱ። የባሌስትራውን ማሰሪያ ቡሎኖችም ፈተሹ። እነዚያ ደኅና ነበሩ።

አዛውንቱ እጃቸውን ጠርገው ለወይዘሮዋ እንዲህ አሉ። «እሜቴ፥ የቀኙን ዛሬውኑ አጠብቀዋለሁ። የግራው ፔርኖ ግን ተበልቷል፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ ይመጣል። ሳይለወጥ ጭነት ይዞ ጣርማ በርን መውረድ አይገባም።»

ወይዘሮዋ ዝም አሉ። አንድ ደላላ ከአጠገባቸው ቆሞ «በቀስታ ከሄደ ምን ይሆናል? ስንቱ እንዲሁ ይወርዳል» ይላቸው ነበር። በቀስታ ለሄደ ሰው በሜዳ ላይ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን በዚያ ቍልቍለት የመኪናውን ፍጥነት የሚወስነው ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን የጭነቱም ክብደት ነው። ወይዘሮዋ ሾፌሩን ተመለከቱና «አንተስ ምን ትላለህ?» አሉት። «እትዬ፥ እዘዙኝ ካሉ እወርዳለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እናትህ ያሳደገችህ እኔ እንዳዝዝብህ አይደለም» ብለው፥ ጭነቱ ወደ ሌላ ካሚዮን እንዲዛወር ተዋዋሉ። ከኪራዩ እኩሌታው በዚያው ሄደ። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የታየውን ጭንቀት አይተናል፤ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያም በዚያው ሳምንት ነበረ።

ሾፌሩ በማግሥቱ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ፔርኖውን ከነቦኮላው ይዞ ተመለሰ። ሥራው አንድ ሙሉ ቀን ፈጀ። የኩሽኔቱን አጠባበቅ ቆመን ተመለከትን፤ ዳዶውን ጎማው መዞር እስኪከብደው ድረስ ካጠበቁ በኋላ፥ ጥቂት መልሰው አላሉት፤ ጎማው ሳይንቀሳቀስ በነጻ ሲዞር ቍልፉን መቱ። ቅባቱንም ለውጠው ሞሉ።

በሦስተኛው ቀን ባዶውን መኪና ይዘን ወደ ጣርማ በር ተነሣን፤ ከሸዋ ሮቢት የመልስ ጭነት ተገኝቶ ነበረና። ሾፌሩ ከከተማው እንደወጣ ዋሻው ሳይደርስ በቀጥተኛው መንገድ ላይ ሆን ብሎ ከአንድ ጕድጓድ አስገባው። መሪው አንድ ጊዜ ነጠር አለና ጸጥ አለ። ፍጥነት ጨምሮ ደገመው፤ እንደዚያው ሆነ። ወይዘሮዋ የበሩን እጀታ ይዘው የነበረውን እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ጭናቸው መለሱ።

ከዋሻው ማዶ ጉሙ ተገልጦ ነበር። ጭላዶች በገደሉ አፋፍ ሣር ይነጫሉ፤ ጅብራው እንደ ዘብ ቆሟል፤ ከታች የደብረ ሲና ቆርቆሮ ያበራል። በከባድ ማርሽ፥ ሞተሩ እየያዘ ወረድን። ደብረ ሲና ስንደርስ ቆሎ ሻጮች እንደ ልማዳቸው መስኮቱን ከበቡ። ሾፌሩ ግን አስቀድሞ ወርዶ የእጁን ጀርባ በሁለቱ የፊት ጎማዎች መኻል ላይ አሳረፈ፤ ኩሽኔት ከልክ በላይ ከጠበቀ ይግላልና። ሁለቱም ለብ ብለው ነበር። ወይዘሮዋ ሦስት ቍና ቆሎ ገዙ፤ አንዱን «ለእኚያ ሽማግሌ በመልስ እናደርሳለን» ብለው ለብቻው ቋጠሩት።