የአውራ ዶሮዎቹ ተራ

በ2010 ዓ.ም. ሰንጋ ተራ የምንኖርበት ግቢ ውስጥ አምስት ቤተሰብ፣ አንድ የውሃ ቧንቧና አንድ የጋራ ማድ ቤት ነበረ። ውሃ የሚቀዳው በተራ ነው፤ እንጀራ የሚጋገረው በተራ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱ የሚጸዳውም በተራ ነው። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ድሮ ሰንጋ የሚሸጥበት ተራ ስለነበረ ነው። እኔ ግን ልጅ ሳለሁ ከግቢያችን ወረፋ የወጣ ስም ይመስለኝ ነበር።

ከአጥራችን ባሻገር በየካቲት 2014 የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ገና እየተሠራ፣ ፎቅ በፎቅ ላይ እየጨመረ ይወጣል። ከአጥሩ ወዲህ ደግሞ እናቴ ዶሮ ታረባለች። በመስከረም ከመንገድ ላይ ዘጠኝ ጫጩቶች ገዝታ ነበር። ሻጩ ሁሉም ሴቶች ናቸው ብሏት ነበር፤ ሁለቱ አውራ ሆነው አደጉ። አንዱ ቀይ፣ አንዱ ገብስማ።

መጀመሪያ ላይ ከአንድ ጣሳ ይበሉ፣ በአንድ ቆጥ ላይ ጎን ለጎን ያድሩ ነበር። መጮህ ሲጀምሩ ግን ነገሩ ተለወጠ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከቤት ስወጣ ግቢው ላባ በላባ ሆኗል። የአንገታቸውን ላባ ነፍተው፣ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ይፋጠጣሉ፤ ከዚያ እግራቸውን አስቀድመው እየዘለሉ ይጋጫሉ። ውሃ ረጨሁባቸው። መጥረጊያ ይዤ መካከላቸው ገባሁ። ተቆጣሁ። ዘወር ስል መልሰው ተያያዙ። ለሰዎች ጠብ የምንጠቀምበት «ተናቆሩ» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ያን ቀን ገባኝ።

አንዲት ጎረቤታችን «ምን ያደክምሻል? አንዱን እረጅና ተገላገይ» አለቻት እናቴን። እናቴ ግን መጀመሪያ ቆማ አየች። የሚበሉበት ጣሳ አንድ ነው። ጥጉ ጠባብ ነው። ለአንድ አውራ ስምንት ወይም አሥር ሴት ዶሮ ማለፊያ ነው፤ እዚህ ግን ለሁለት አውራ ያሉት ሰባት ናቸው።

ከዚያ ሥራ ጀመረች። ምግቡንና ውሃውን ሁለት ቦታ አደረገችው፤ ሲበሉ እንዳይተያዩም አሮጌ ቆርቆሮ በመካከል አቆመች። ገብስማው ራሱ ላይ ደምቶ ስለነበር ቁስሉ እስኪደርቅ ለብቻው አስቀመጠችው፤ ዶሮ ደም ካየ የሌላውን ቁስል መንቆር አይተውምና። ርቆ ከቆየ ሲመለስ እንደ ባዕድ ስለሚቆጠር ያስቀመጠችው እዚያው ግቢ፣ በወንፊት ሽቦ ውስጥ ነው። ቁስሉ ሲድን ደግሞ ተራ አወጣችላቸው። ዛሬ ቀዩ ከሴቶቹ ጋር ሲውል ገብስማው ሽቦ ውስጥ ይውላል፤ ነገ በተቃራኒው። ደም መፍሰሱ ቆመ።

በዚያው ሰሞን እኔም በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጠብ ነበረኝ። የወጣቶች መዘምራን ያለን ኪቦርድ አንድ ነው፤ የምንጫወተው ሁለት ነን። ጓደኛዬ የጸሎት ጓደኛዬም ነበር። ኪቦርድ አብረን ነው የተማርነው፤ ጣቶቹ ከጣቶቼ ሲቀድሙ ግን ልቤ መክበድ ጀመረ።

«ትዕቢት ነው እማዬ። መንፈሱ ልክ አይደለም» አልኳት አንድ ማታ።

እናቴ ሽሮ እያማሰለች ነበር። «ገብስማውስ ትዕቢተኛ ነው?» አለችኝ።

«እሱ ዶሮ ነው።»

«እናንተም ሁለት ሆናችሁ ነው አንድ ኪቦርድ ያላችሁ። ቧንቧው ተራ ባይኖረው ይሄ ግቢ ስንት ጊዜ ተደባድቦ ነበር? ሁላችንም እግዚአብሔርን የምንፈራ ሰዎች ነን እኮ።»

ሐሳቡን ለመሪያችን አቀረብኩ። አንድ እሁድ እኔ፣ አንድ እሁድ እሱ እንድንጫወት ተወሰነ። ሁሉም ደስ አለው። እኔም ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

አላለቀም። የእሱ ተራ በሆነበት በመጀመሪያው እሁድ ጉባኤው እጁን አንሥቶ ሲያመልክ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ የእሱን ስሕተት እየጠበቅሁ ነበር። አንድ ጊዜ ሳተ። ደስ አለኝ። በአምልኮ መካከል ደስ አለኝ።

ግቢያችንም ውስጥ ያላስተዋልኩት ነገር ነበር። ቀዩ ሽቦ ውስጥ በሚያድርበት ሌሊት እንኳ ጎህ ሲቀድ ቀድሞ የሚጮኸው እሱ ነው፤ ገብስማው የሚከተለው ከዚያ በኋላ ነው። ዘግይቼ እንዳነበብኩት የጃፓን ተመራማሪዎች ይህንኑ በ2015 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። አብረው በሚኖሩ አውራዎች መካከል ንጋት ላይ ቀድሞ የሚጮኸው የበላዩ ነው፤ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ይከተላሉ። የበላዩ ከተወሰደ ሁለተኛው ይጀምራል። ኖርዌጂያዊው ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤበም ከልጅነቱ ጀምሮ ዶሮዎችን ሲከታተል ኖሮ፣ ማን ማንን እንደሚነቁር የሚወስን የማዕረግ ቅደም ተከተል እንዳላቸው በ1921 እ.ኤ.አ. ጽፏል። የእናቴ ተራ ደሙን አቆመ እንጂ ማን አንደኛ እንደሆነ አላስረሳቸውም። የእኛም የእሁድ ተራ የእኔን ልብ አልነካውም።

ያን ሳምንት ዘፍጥረት 13ን አነበብኩ። የአብራምና የሎጥ እረኞች የተጣሉት መንጋው በዝቶ ምድሪቱ ስላልበቃቻቸው ነው። ይህ የእናቴ ቧንቧ ነው አልኩ። ታሪኩ ግን እዚያ አይቆምም። አብራም አጎት ነው፤ ታላቅ ነው፤ ተስፋው የተሰጠውም ለእሱ ነው። ቢሆንም የመምረጡን ዕድል መጀመሪያ ለሎጥ ሰጠው። ዶሮዎቹን ወደ ሽቦው የምታስገባው የእናቴ እጅ ናት። አብራምን ግን ማንም አላስገደደውም። በፈቃዱ ተራውን ለቀቀ።

እኔ ደግሞ ተራ ከመውጣቱ በፊት የሠራሁት ነገር ነበረኝ። ለዓመታዊው የወጣቶች ፕሮግራም የልምምዱ ሰዓት ከ10 ወደ 8 ሰዓት ሲቀየር፣ ለጓደኛዬ እንድነግረው አደራ ተሰጥቶኝ ነበር። ሆነ ብዬ አልነገርኩትም። ዘግይቶ ደረሰ፤ በፕሮግራሙ ላይ የተጫወትኩት እኔ ሆንኩ። ሲጠይቁኝ «ስልኩ እምቢ አለኝ» አልኩ።

ረቡዕ ከጸሎት በኋላ በር ላይ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

«አውቃለሁ» አለኝ በመጨረሻ። «ስልኬ ያን ቀን ሙሉ ክፍት ነበር።»

ያን ምሽት አልተቃቀፍንም። አብረን እስከ ታክሲው ሄድን እንጂ ብዙ አላወራንም። እንደ ቀድሞው አብረን ለመጸለይ ወራት ፈጅቶብናል። ይቅርታ በአንድ ቃል ይጠየቃል፤ እምነት ግን እንደ ቁስል ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው።

ገብስማው ከፋሲካ በፊት ሰበታ ወደምትኖረው አክስቴ ተላከ፤ እሷ ዶሮዎች እንጂ አውራ አልነበራትም። አንደኛ የነበረው ቀዩ ደግሞ ለፋሲካ ድስት ገባ። እናቴ ወጡን ስታወጣ ፈገግ ብላ አየችኝ፤ ምንም አላለችም።

ወዳጄ፣ በአንተ ኅብረት ውስጥ ሁለት ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ምንድን ነው? ማይክራፎን ነው? የመሪነት ወንበር ነው? መጀመሪያ ቦታውን እይ፤ ጠባብ ከሆነ አስፉት፣ ካልሰፋ ተራ አውጡለት። ያ ክፋትን ሁሉ ሰይጣን ላይ ከማላከክ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ግን ተራው የሌላው በሆነበት ቀን ልብህ ምን እንደሚያደርግ ተመልከት።

ከዚያ ረቡዕ በኋላ በመጣው እሁድ ተራው የጓደኛዬ ነበር። ቀደም ብዬ ደረስኩ። ኪቦርዱን ከመጋዘን አውጥቼ እግሩ ላይ አቆምኩት፤ ገመዱን ሰካሁ፤ ወንበሩን ለእሱ ቁመት አስተካክዬ ከኋላ ሄጄ ተቀመጥኩ።