ከተማሪ ወደ ተማሪ የሚሻገር አማና



የዛሬው ጉዟችን ባልቲክ ባሕር ዳር ወዳለችው ትንሽ አገር፣ ወደ ኢስቶኒያ ነው። ሕዝቧ 1.3 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነው። ታርቱ በተባለችው ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1632 የተመሠረተ ዩኒቨርስቲ አለ። ከከተማዋ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ሲሉ ደግሞ ቶራቬሬ በምትባል መንደር የከዋክብት መመልከቻ ጣቢያው ይገኛል።

በዚህ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2008 ተማሪዎች ተሰባስበው ሳተላይት መሥራት ጀመሩ። ስሟ ኤስትኪዩብ-1 ነው። እያንዳንዱ ጎኗ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ አንድ ኪሎ ያህል ነበር። ሥራውን በቡድን ተካፈሉት፤ አንዱ ኤሌክትሪኩን፣ አንዱ ሬዲዮውን፣ አንዱ ኮምፒዩተሩን፣ ሌላው ካሜራውን ያዘ። መምህራን ይመክራሉ፤ የሚሠሩት ግን ተማሪዎች ናቸው። ብዙዎቹም ከዚሁ ሥራ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን አዘጋጅተዋል።

ይሁንና ተማሪ አላፊ ነው። ሳተላይት ግን ዓመታት ይፈጃል። የጀመረው ተመርቆ ይሄዳል፤ የሚጨርሰው ሌላ ነው። ስለዚህ ነባሩ የሠራውን በጽሑፍ አስፍሮ፣ አዲሱን አስተምሮ ካልሄደ ሥራው ይቆማል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በወሎ መድረሳዎች ከፍ ያለው ደረሳ ዝቅ ያለውን ያስቀራል፤ ዒልምም እንዲህ እየተሻገረ እዚህ ደርሷል።

ኤስትኪዩብ-1 እ.ኤ.አ. ግንቦት 7 ቀን 2013 ከፈረንሳይ ጉያና፣ ከኩሩ በቬጋ ሮኬት ተወነጨፈች። ዋና ተልእኮዋ 10 ሜትር የሚረዝም ቀጭን ሽቦ ዘርግታ፣ ከፀሐይ በሚመጣ ቅንጣት የሚገፋ ሸራ መሥራት ይቻል እንደሆነ መሞከር ነበር። ሐሳቡ የፊንላንዳዊው ተመራማሪ የፔካ ያንሁነን ነው። ሽቦው ግን ከተጠቀለለበት አልተፈታም። ተማሪዎቹ ይህን አልሸሸጉም። ሳተላይቷ እስከ 2015 ካገለገለች በኋላ የሆነውንና የተማሩትን ጽፈው አሳተሙ።

ተከታዮቻቸው ያንን ትምህርት ይዘው ኤስትኪዩብ-2ን ሠሩ። ጥቅምት 9 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ተወነጨፈች፤ ሆኖም ከተጫነችበት ሣጥን ሳትወጣ ቀረች፤ ከሮኬቱ ቅሪት ጋርም ተቃጠለች። የስንት ዓመት ድካም!

ታዲያ ሁሉም ከንቱ ቀረ እንበል? አይደለም። ሳተላይቷ ብትቃጠልም የሠሯት ልጆች እጅ ሥራ ለምዷል። የሰው ድርሻ መትጋትና የያዘውን አማና ማድረስ ነው፤ ውጤቱ የአላህ ነው።

እኛስ ወላጆችና መምህራን፣ ልጃችን ሞክሮ ሲሳነው የምንጠይቀው «ለምን አበላሸህ?» ብለን ነው ወይስ «ምን ተማርክበት? ለታናሽህስ ምን አሳየኸው?» ብለን? አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይለግሰን፤ ያወቅነውንም የምናስተላልፍ ያድርገን። አሚን።