ጌሙ ለምን ይዘገያል?

እኛ ጋቦዴ ያለን ነጋዴዎች ቤት ላፕቶፑ አንድ ነው፤ ቀን የዱቤ መዝገብ፣ ማታ የልጆች ጌም። ሰሞኑን ጌሙ እስኪከፈት ቡና ይፈላል። ኢንተርኔቱ ነው እንዳንል፣ ኢንተርኔት የማይፈልገውም ዘገየ። ታስክ ማናጀርን ስናይ ዲስኩ 100 በመቶ ተይዟል። የሚሽከረከር አሮጌ ሃርድ ዲስክ ነው፤ በኤስኤስዲ ሲቀየር ጌሙ ቶሎ ይከፈታል።

ሙቀቱም አለ። አገር ቤት ክረምት ሲሆን እዚህ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ካምሲንም አቧራውን ያመጣል። ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ፋኑን እናጸዳለን፣ ፍራሽ ላይ አናስቀምጠውም።

ዲስኩን ከመቀየራችን በፊት ግን መዝገቡን በፍላሽ እንገለብጣለን። ጌም እንደገና ይጫናል፤ የጠፋ የዱቤ መዝገብ ግን ዘመድ ከዘመድ ያጣላል።