«ደንቡሼ»

ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንገባ እናቶቻችን የሚሉንን ሁላችንም እናውቀዋለን። «ምነው ልጄ፣ እንዲህ ከሳህ? እዚያ የሚበላ የለም እንዴ?» ከጎናችን የቆመውን ታናሽ ወንድማችንን ግን ጎረቤቱ ሁሉ ጉንጩን እየቆነጠረ «አቤት የኛ ደንቡሼ! ከዓይን ያውጣው!» ይለዋል። ከሲታው ያሳዝናል፣ ወፍራሙ ያስመሰግናል።

በዚህ ማንም አይፈረድበትም። የ1966ንና የ1977 ዓ.ም.ን ረሀብ ያየ ሕዝብ ሙሉ ጉንጭ ሲያይ ደስ ቢለው ምን ይገርማል? ረሀቡም ቢሆን ከደጃችን አልራቀም። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል። ክብደታቸው ከልክ ያለፈው 2 በመቶ ብቻ ነበሩ።

«ታዲያ ስለ 2 በመቶ ምን አስጨነቃችሁ? የጥጋብ ወሬ!» የሚለን አይጠፋም። እኛ ግን ነገሩ ወዴት እያመራ እንደሆነ ይታይ እንላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በዓለም ላይ ከ5 እስከ 19 ዓመት ካሉት መካከል ክብደታቸው ከልክ ያለፈው እ.ኤ.አ. በ1990 8 በመቶ ነበሩ፤ በ2022 20 በመቶ ደረሱ። በ2025 ደግሞ ዩኒሴፍ፣ በዓለም ደረጃ በትምህርት ዕድሜ ካሉ ልጆች እጅግ የወፈሩት በቁጥር ከከሱት መብለጣቸውን አስታወቀ። የሀብታም አገር በሽታ ነው ማለት ቀርቷል።

በከተማችንም መንገዱ ሲጠረግ በዓይናችን እያየን ነው። ድሮ ልጅ ቆሎውን ቋጥሮ በእግሩ ይሄድ ነበር፤ ዛሬ አቅም ያለው ቤት ልጅ በሰርቪስ ይሄዳል፣ ብስኩትና ቺፕስ ይያዝለታል። የጨርቅ ኳስ ይጠለዝበት በነበረው ሜዳ ፎቅ በቅሎበታል። ስንቱ ትምህርት ቤት የመኖሪያ ግቢ ተከራይቶ ያስተምራል፤ ልጁ የት ይሩጥ? ማታ ዝም እንዲል ስልክ ይሰጠዋል። እንግዳ ሲመጣ ለስላሳ ይከፈትለታል። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ደግሞ ከ30 ግራም የማያንስ ስኳር አለው፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ እንኳ ይበልጣል። በአንድ ስኒ ሻይ ላይ ሰባት ማንኪያ ሲጨመር ብናይ «ኧረ በስመ አብ!» አንልም? ከጠርሙስ ሲጠጣ ግን ማን ይቆጥራል!

መዘዙ ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የትልልቅ ሰዎች ይባል ነበር፤ ዛሬ ልጆችንም ይይዛል። የደም ግፊት፣ በጉበት ላይ የሚጠራቀም ስብ፣ የጉልበት ሕመም፣ በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥም ይከተላሉ። በልጅነቱ እጅግ የወፈረ ሲያድግም እንደዚያው የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። በዚያ ላይ ፌዙ አለ። ቤት ውስጥ «ደንቡሼ» ተብሎ የተሞካሸው ልጅ ክፍል ሲገባ ያው ስም ስድብ ይሆንበታል።

እንግዲህ መቀንጨርና ውፍረት ተቃራኒ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። ሁለቱም ልጁ የሚገባውን ምግብ ሲያጣ ይመጣሉ፤ ሆድ መሙላትና መመገብ ለየቅል ናቸውና።

ወፍራሙን ልጅ እናሳፍረው ማለታችን አይደለም። ሱቁን እሱ አልከፈተው፣ ሜዳውን እሱ አላሳጠረው። ቆሎው፣ ሽሮው፣ ጎመኑ ገና ከቤታችን አልጠፋም፤ ልጅ ያለበት ቤት ስንሄድም ከለስላሳ ይልቅ ብርቱካን፣ ቢቻል ኳስ ይዘን መግባት እንችላለን። ሜዳው ግን የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። ነገ መሐንዲስ፣ መምህር፣ ሐኪም የምንባለው እኛው ነን። የሰፈር ፕላን ስናወጣ፣ ትምህርት ቤት ስንከፍት፣ ከሁሉ አስቀድመን ልጅ የሚሮጥበትን ቦታ እንለካ።